ነጻነት በጸሎቱ ጸ

ባለፈው ወር ብሩሾቼን በሳሙና አጥቤ፣ ጠጉራቸውን በጣቴ አሹዬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኋቸው። ዘጠኝ ዓመት ማስታወቂያ ጽፌአለሁ። አዋሳ ፒያሳ ላይ ከእጄ ያልወጣ የሱቅ ስም ጥቂት ነው፤ የሰልፍ ጨርቁንማ አልቆጥረውም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሙዘይን "በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው አየሁ" እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ጡረታ አይደለም፤ የሥራ ለውጥ ነው። ደመወዙ ከበፊቱ እምብዛም አይበልጥም፣ የቅጥር ወረቀቱም ገና አንድ ማኅተም ይጎድለዋል። ነገር ግን ሰው የያዘውን ሙያ ሲለቅ ከማን እንደተማረው፣ ምን እንዳበላሸበትም ሳይናገር መሄድ የለበትም ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የተወለድሁት ከታቦር ተራራ ሥር ነው። በቤታችን የሚነገረው ሲዳምኛ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ፊደል የለየሁት በአብዛኛው ከሱቅ ግንባር ላይ ነው። አማርኛን መጀመሪያ በዐይኔ ነው ያወቅሁት፤ በጆሮዬ ኋላ። "ዳቦ ቤት" የሚለውን ጽሑፍ የዳቦውን ሽታ ተከትዬ አነበብሁት፤ "ፀጉር አስተካካይ" የሚለውን ደግሞ በመስኮት እያየሁ። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደሚሸጥ እጠብቃለሁ።

አብዮቱ በፈነዳ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ልጠይቅ ጋሽ ወርቅነህ ሱቅ ገባሁ። ሱቋ አንድ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል የሙዘይን ስፌት ቤት፣ በሌላ በኩል የብስክሌት ጠጋኝ አለ። የቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታዋ እስከ መንገዱ ማዶ ይደርስ ነበር።

"ምን ትችላለህ?" አሉኝ።

"መጻፍ።"

"ሁሉም እችላለሁ ይላል። እስቲ 'ሠራተኛ' ብለህ ጻፍ።"

ጠመኔ ሰጡኝ። ቀስ ብዬ ጻፍሁ። ፊደሎቹ እኩል ነበሩ፣ ክፍተታቸውም እንዲሁ። ኮርቼ ወደ ኋላ አልሁ።

"እጅህ ጥሩ ነው" አሉ። "ግን የትኛውን ሰ ነው የጻፍኸው?"

"ስንት አለ?"

"እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ። እሳት በዚህኛው ይጻፋል፣ ንጉሥ በዚያኛው። ሠራተኛ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው።"

"ንጉሡ ወርደው የለም እንዴ?"

የቀልድ አልነበረም፤ በእርግጥ ግራ ገብቶኝ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ግን ብሩሹን አስቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ንጉሡ ወርደዋል" አሉ ዐይናቸውን እየጠረጉ፤ "ሠ ግን ለሠራተኛው ተወርሳለች።" በዚያው ቀን ቀጠሩኝ።

ሙያው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አቡጀዴውን በእንጨት ላይ እንወጥራለን። ክር በጠመኔ ዱቄት ነክረን፣ ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን፣ በመኻሉ አንሥተን እንለቀዋለን፤ ጠፍ ሲል ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ። ጀማሪ ሰው ፊደሎቹን ሁሉ በነዚህ መስመሮች መኻል ለማሰር ይሞክራል፤ ጽሑፉም በጠባብ አልጋ ላይ እንደተኛ ቤተሰብ ይሆናል። ጋሽ ወርቅነህ ግን "ፊደል እግር አለው፤ የሚዘረጋውን ይዘርጋ" ይላሉ። ለምሳሌ ጸ ወደ ጻ የሚለወጠው በቀኝ እግሩ ነው። ያ እግር በሚገባ ካልረዘመ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ጸ ይሁን ጻ አይለየውም። እኔ ይህን እግር ሁልጊዜ አሳጥረው ነበር፤ ቀለም ለመቆጠብ ይሁን ከዐይናፋርነት አላውቅም።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሥራ ሲያልቅ መንገዱን ተሻግረው፣ የጋሪው ፈረስ ቢመጣም ባይመጣም ሳያዩ፣ ከማዶ ማየት። ሁለተኛው፣ ጽሑፉን ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው ማንበብ። "ከፊት ስታነብ የምታነበው ሐሳቡን ነው፤ ሐሳብ ይሸነግላል። ከኋላ ስታነብ ግን ፊደሉ ብቻውን ይቆማል" ይሉ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ከፊርማው ነው የምጀምረው።

ጋሽ ወርቅነህ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። ድቁና ተቀብለው፣ ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ በተማሪዎቹ ሰልፍ ምክንያት ታስረው ተባረሩ። የጽሑፍ ሥራ የጀመሩት ያኔ ነው፤ የሰልፉን መፈክር በአልጋ ልብስ ላይ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩና። መሬት ላራሹ የታወጀ ጊዜ የአዋሳን የደስታ ጨርቅ ሁሉ በነጻ ጻፉ፤ ወታደሮቹንም ከልብ ደገፉ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ "ሥልጣኑን ለሕዝብ ካልመለሱማ ምኑ ተለወጠ?" ብለው በኅቡዕ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ሆኑ። እኔንም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ አላስገደዱኝም፣ አላባበሉኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ሰጥተው "አንብበው፤ ካልተስማማህ ለቀለም መጥረጊያ ይሆናል" አሉኝ። አልጠረግሁበትም።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን ለቀበሌው ቀይ ጨርቅ እንጽፋለን፤ የኅቡዑን ወረቀት ደግሞ እኔ በጓዳ በሾለ ብረት ሰም በተቀባው የማባዣ ወረቀት፣ በስቴንስል ላይ እቀርጻለሁ። ማባዣው የት እንዳለ አላውቅም፤ እንዳላውቅም ተደርጓል። ረቂቁን የሚያመጣልን "ሰለሞን" የምንለው ልጅ እግር ነበር። ሰለሞንና ጋሽ ወርቅነህ በሁሉም ነገር ይስማሙ ነበር፣ ከፊደል በስተቀር።

"ትርፍ ፊደል የፊውዳል ቅሪት ነው" ይላል ሰለሞን። "አንድ ሀ፣ አንድ ሰ፣ አንድ ፀ ይበቃል። ገበሬው በስንቱ ይሰቃይ?"

"ብዙኃኑ ኀንም ልታስቀራት ነው?"

"እሷንም።"

"ተው እንጂ! ስሟ ራሱ ብዙኃን ነው። ብዙኃኑን ትተህ ለማን ልትታገል?"

"እርስዎ በቀልድ ነው የሚያመልጡኝ" ይላል ሰለሞን፤ አይስቅም።

ዕረፍት የሚነሣቸው ቃል ግን "ነጻነት" ነበር። በከተማው ውስጥ ሁሉም ሰው በፀሐዩ ፀ "ነፃነት" ብሎ ይጽፋል፤ ሰለሞንም፣ ቀበሌውም፣ ጋዜጣውም። እሳቸው ግን "ንጹሕ ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ በጸሎቱ ጸ ነው" ይላሉ። ስለዚህ ከእኛ ሱቅ የሚወጣው ጨርቅ ሁሉ "ነጻነት" በጸሎቱ ጸ ነው። የስቴንስሉ ነገር ሲሆን ግን ሕጋቸው ሌላ ነበር። "እዚያ ላይ ያስተማርሁህን ሁሉ እርሳ" ብለውኛል፤ "ረቂቁ እንደመጣ፣ ከነስሕተቱ ጻፍ። የሰው ፊደል ከመልኩ ይበልጣል፤ ይታወቃል።"

በከተማችን ሰው በሰው ላይ መተኮስ ጀመረ። ከሁለቱም ወገን። አንድ ቀን ጋሽ ወርቅነህ የሚያውቁት የቀበሌ ሠራተኛ፣ ሦስት ጊዜ ስሙን በር ላይ የጻፉለት ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ በእኛው ድርጅት ሰዎች ተገደለ። እሳቸው በማግሥቱ ሰለሞንን ጠርተው "እኔ ከዛሬ ጀምሮ የለሁበትም። ለማንም አልናገርም፤ ግን የለሁበትም" አሉት። ሰለሞን "ከሃዲ" አላቸው። እኔ ቀጠልሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ መተው ፈሪነት መስሎኝ ነበር።

አራት ወር ያህል እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን የመጣው ረቂቅ አንድ ገጽ ሲሆን "ነፃነት" የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ ተጽፎበታል። የመጀመሪያውን እንዳለ ቀረጽሁት። ሁለተኛው ላይ ብረቱ በእጄ ቆመ። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያስበው አላውቅም፤ እኔ ግን ፊደልን ለብቻዬ፣ በሰው በር ላይ ቆሜ የለቀምሁ ሰው ነኝ። ሕዝብ ሕይወቱን ስጥ የሚባልበትን ቃል ተሳስቶ ማንበብ የለበትም አልሁ በልቤ። ስድስቱን በጸሎቱ ጸ ጻፍኋቸው፤ ከዚያ ተመልሼ የመጀመሪያውንም ፍቄ አረምሁት። ሠርቼ ስጨርስ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም።

ወረቀቱ ገበያ ላይ ተበተነ። በሦስተኛው ቀን ጓድ ደምሴ ወደ ሱቃችን መጣ። የቀበሌው ካድሬ ነው፤ ቀድሞ አማርኛ አስተማሪ ነበር። ለበዓሉ ያዘዘውን ጨርቅ ሊያይ መስሎኝ ብሩሽ በእጄ እንደያዝሁ ተነሣሁ። ጨርቁ ላይ "ለሠራተኛው ነጻነት" የሚለው ገና አልደረቀም። እሱ ጨርቁን አየ፤ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ያንንም አየ።

"ጋሽ ወርቅነህ፣ በዚህ ከተማ 'ነጻነት'ን እንዲህ የሚጽፍ ስንት ሰው አለ?"

ጋሽ ወርቅነህ ወረቀቱን ተቀበሉት። እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ላይ አነበቡ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላዩም።

"በትክክል የሚጽፍ አንድ ሰው ነው" አሉ። "እኔ ነኝ።"

የስፌት መኪናው ድምፅ ከጎን ቀጥ አለ። ከብሩሼ ቀይ ቀለም ጠብ ብሎ በጨርቁ ላይ፣ በመጨረሻው "ት" ላይ ወደቀ። አፌን ከፍቼ ነበር። ምንም አልወጣም።

ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከውጭ ይጠብቁ ኖሯል። ጋሽ ወርቅነህ ኮታቸውን ደርበው በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞር አሉ። "ዳንጊሶ፣ ጨርቁ ሳይደርቅ እንዳትጠቀልለው። ሱቁንም እንዳትዘጋ።"

አልዘጋሁትም። ሰለሞን በዚያው ሳምንት ከከተማው ጠፋ፤ ረቂቅ የሚያመጣም ቀረ። እኔ ጨርቁን ከነጠብጣቡ አስረከብሁ። ከዚያ በኋላ የመንግሥትን መፈክር ብቻ እየጻፍሁ ኖርሁ፤ ስለማምንበት አልነበረም፣ ሱቁ እንዳይዘጋ ነው።

ወህኒ ቤት ስንቅ ይገባል፤ መልእክት አይገባም። እናቴ ቆጮና አይብ ታዘጋጃለች፣ እኔ አደርሳለሁ። ሳህን ከሳህን እንዳይለዋወጥ ሁሉም ሰው ምልክት ያደርግበታል። ስም መጻፍ ስላልፈለግሁ ከሳህኑ ሥር በቀይ ቀለም አንዲት "ጻ" ጻፍሁ። ባዶው ሳህን ሲመለስ፣ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ፊደሏ ታጥባ ስትደበዝዝ እንደገና እጽፋታለሁ። አንድ ቀን ሳህኑን ገልብጬ ሳየው የጻ ቀኝ እግር በምስማር ተጭሮ ረዝሟል። የተጨመረው የአንድ ጥፍር ያህል ነው። እዚያው በወህኒው በር ላይ፣ ከሚያለቅሱት ሴቶች መኻል፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘበኛው "ምን አገኘህ?" አለኝ። "ታረምሁ" አልሁት።

ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ተፈቱ። በውስጥ እስረኛውንም ዘበኛውንም ማንበብ ያስተምሩ ስለነበር፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር አስተማሪ ያስፈልጋል ተብሎ ነው የወጡት። ከስተዋል፤ ጢማቸው ሸብቷል። ወደ ሱቁ ሳይገቡ መንገዱን ተሻግረው ማስታወቂያችንን ከኋላ ወደ ፊት አነበቡ። ከዚያ መጥተው ተቀመጡ።

"ጋሽዬ" አልኋቸው፤ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። "ያን ወረቀት ያረምሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያችው ሰዓት። የጻ እግር አጭር ነበረ። አሁንም አጭር ነው፤ ሳህን ላይ ስንት ጊዜ ላርምልህ?"

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?"

"እኔ ከተውሁት አራት ወር ሆኖኛል። ቢመረምሩኝ የምነግራቸው አዲስ ነገር የለኝም። ከአንተ ግን ብዙ ያወጡ ነበር፤ ስንት ሰው ያልቅ ነበር።" ጢማቸውን አሹ። "ደግሞም ስሕተት አይተህ አትለፍ ብዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ፤ መልሼ እለፍ አልሁህ። ይኼ ለማንም የሚቻል አይደለም።"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

"ፊደሉን ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። "ዝም ያልኸውን ግን አልወደድሁትም። እሱን እኔ አላርምልህም። በጊዜህ ራስህ ታርመዋለህ።"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አንሥተው አያውቁም።

የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ከታቦር ሥር፣ ከእናቴ ቤት አጠገብ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ከሰዓት በኋላ ያስተምራሉ፤ እኔ ሰሌዳውንና ገበታውን አዘጋጃለሁ። ሰለሞንም ወደ ከተማው ተመልሶ መሥሪያ ቤት ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ ላይ አገኘን።

"ጋሽ ወርቅነህ! ንጉሡን ተቃወሙ፣ ወታደሩን ደገፉ፣ ወታደሩን ተቃወሙ፣ እኛን ካዱ፣ አሁን ደግሞ የመንግሥት ዘማች። ለመሆኑ ዛሬ የየትኛው መደብ ነዎት?"

"የጭቃው መደብ" አሉት። "ከእናቶች ጋር እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የማስተምረው። አንተስ ወንበር አገኘህ አሉ?"

ሰለሞንን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ጋሽ ወርቅነህ ትከሻውን ያዙት። "እኔ ወገን ስለዋውጥ የኖርሁ እመስላለሁ፤ አልዋሽህም፣ ተሳስቼም አውቃለሁ። የጠየቅሁት ግን አንድ ነገር ነው፦ ይኼ ሰው ስሙን መጻፍ ይችላል ወይ? ይችላል ካሉኝ ጋር እሠራለሁ። እንዳይጽፍ ካሉት ጋር አልሠራም።"

በሁለተኛው ዙር ትምህርቱ በሲዳምኛ ሆነ፤ በእኛው ፊደል። ታትሞ የመጣው ገበታ በግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከላይ የፊደሉ ተራ፣ ከታች ሥዕልና ቃል። በአንዱ ሥዕል ላይ አንዲት ሴት ማሰሮ ለጎረቤቷ ታቀብላለች፤ ከሥሩ "አዲ" ይላል። ጋሽ ወርቅነህ በዱላ እያመለከቱ "አ-ዲ" አሉ። እናቴ ከመጀመሪያው መደብ ላይ በሲዳምኛ "ሴትዮዋን ምን ነካት? ምላሷ ታሰረ?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ነገሩን ለጋሽ ወርቅነህ አስረዳኋቸው። ቃሉ "ውሰድ፣ እንካ" ማለት ነው፤ ድምፁ ግን ደ አይደለም። ወደ ውስጥ ተውጦ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ዸ። ፊደሏም በገበታው የላይኛው ተራ ላይ አለች፤ 'ደ'ን ትመስላለች፣ ተጨማሪ ጭረት አላት። ከቃሉ ውስጥ ነው ጭረቷ የቀረችው። እሳቸው ደጋግመው ሊሏት ሞከሩ። በሞከሩ ቁጥር ሴቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ።

"ይህችን ፊደል አባቴ አያውቋትም" አሉ በመጨረሻ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። "ስሕተቱ የእኔ አፍ ነው ወይስ የገበታው?"

"የእርስዎም ነው። ግን የገበታውም ነው።"

"እንግዲህ?" አሉኝ።

ገበታው ማኅተም አለበት። በዚያ ዘመን ማኅተም ባለበት ነገር ላይ ብሩሽ ማሳረፍ ቀላል አልነበረም። ቀጭኗን ብሩሽ ቀለም ውስጥ ስነክር ያ ቀን፣ ያ ስቴንስል፣ ያ ደስታ ሁሉ መጣብኝ። እጄ እንደዚያ ቀን አልቸኮለም። ጭረቷን ጨመርሁ። "አዲ" "አዺ" ሆነች። ክፍሉ አንድ ላይ አነበባት።

በሦስተኛው ቀን ጓድ ደምሴ ለቁጥጥር መጣ። ዐይኑ በቀጥታ እርጥብ ከሚመስለው ጭረት ላይ ዐረፈ።

"ይህን የመንግሥት ገበታ የነካው ማነው?"

ጋሽ ወርቅነህ ዱላቸውን አስቀምጠው ለመነሣት ሲያኮበኩቡ አየኋቸው። ቀደምኋቸው።

"እኔ ነኝ።"

"በማን ሥልጣን?"

በዚህ ጊዜ ድምፄ አልጠፋም። "ቋንቋው የእናቴ ነው። እዚያች መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ይጠይቋት።"

እናቴ አልጠበቀችም። ጠመኔዋን ይዛ ተነሥታ ለጓድ ደምሴ ዘረጋችለት። "አዺ!" አለችው። እሱ ሳያስበው ተቀበላት።

"ምን አለችኝ?"

"የተጻፈውን" አልሁ።

ጠመኔውን በእጁ ላይ አየው። ከዚያ ገበታውን፣ ከዚያ እኔን፣ በመጨረሻ ጋሽ ወርቅነህን። የድሮ አስተማሪነቱ ፊቱ ላይ ሲታገል ይታይ ነበር። ገበታውን ከግድግዳው አውርዶ ጠቅልሎ ወሰደው። ለሁለት ሳምንት ያህል በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱኝ መጡ ብዬ የተሰቀለውን ኮቴን እያየሁ ኖርሁ። ጋሽ ወርቅነህ ግን በዚያ ሰሞን ያለ ምክንያት ያፏጩ ነበር።

ደብዳቤው መጣ። ከፊርማው ጀመርሁ። ጓድ ደምሴ ገበታውን ከነእርማቱ ወደ ክፍለ ሀገሩ ልኮት ኖሯል፤ እርማቱን ያደረገው ሰው ቀርቦ የቀሩትንም ገበታዎች ይመልከት ይላል። ተመለከትሁ። ከዚያ በኋላ አልለቀቁኝም። አዲሱ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ለመሠረተ ትምህርት የሚታተመውን የሲዳምኛ ጽሑፍ ማረምና የገበታውን ፊደል በእጅ መሳል።

ሱቁን የለቀቅሁ ቀን ጋሽ ወርቅነህ በመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር። ተሻግረው መጡ። ሳህኗ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለች፤ ከሥሯ ያለችው ጻ እግሯ ረጅም ነው፣ የመጨረሻዋን የጻፍኋት እኔ ነኝ። ከቆርቆሮው ውስጥ የራሳቸውን ቀጭን ብሩሽ፣ ማንም እንዲነካት የማይፈቅዱትን፣ አውጥተው ዘረጉልኝ።

"አዲ" አሉ።

"ጋሽዬ፣ አሁንም ደ ነው።"

"ታዲያ አርመኝ እንጂ፤ ቆመህ ታየኛለህ?"

ምላሴን የት እንደማሳርፍ፣ ትንፋሼን እንዴት እንደምውጥ አሳየኋቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ሙዘይን የስፌት መኪናውን አቁሞ በበሩ ብቅ አለና ያዳምጥ ጀመር።

በሦስተኛው ትክክል አሉት። ብሩሿን ወሰድኋት።